ከምርምር መርከብ ይዤው የመጣሁት ዳታ እንዴት ይቆይ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አራት ኪሎ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር በምርምር መርከብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሠርቼ ገና መመለሴ ነው። ስንለያይ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሞልተው ሰጡኝ። የሲቲዲ (ወደ ባሕሩ እየወረደ ሙቀት፣ ጨውነትና ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ) ፋይል አለ፣ የሶናር (በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለል የሚለካ) አለ፣ የአየር ሁኔታ አለ፣ ምንነቱን የማላውቀውም ብዙ ነው። አማካሪዬ ኮፒ አድርጊና ሥራሽን ጀምሪ ብሎኛል። ከዓመታት በኋላም እንዲያገለግል እንዴት ላስቀምጠው? ዳታውን አካፍዪ ቢሉኝስ? ጥናቴን ሳላወጣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተመለስሽ። ስለ ሃርድ ዲስኩ ጠየቅሽኝ እንጂ መርከቡ ላይ ስትጽፊበት ስለነበረው ደብተር ምንም አላልሽም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ደብተሩ ነው። ዲስኩ ላይ ካለው ፋይል አብዛኛው ሌላ ቦታ ኮፒ ይኖረዋል። ደብተርሽ ግን አንድ ብቻ ነው። ዛሬውኑ እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ወደ ኢሜይልሽ ላኪው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። አንድ ፋይል ከፍተሽ 28.41 የሚል ቁጥር አገኘሽ እንበል። የውሃ ሙቀት ነው። በየትኛው ሴንሰር ተለካ? በስንት ሜትር ጥልቀት? ሴንሰሩ ለመጨረሻ ጊዜ ካሊብሬት የተደረገው፣ ማለትም ከትክክለኛ መለኪያ ጋር የተመሳከረው፣ መቼ ነው? ያን ቀን ውሃውን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባው ፓምፕ በደንብ ይሠራ ነበር? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ቁጥሩ ላይ ተመርኩዞ ምንም መናገር አይቻልም። መልሱ ያለው ደግሞ በደብተርሽና በአንቺ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከጭንቅላት ቶሎ ይጠፋል።

የዚህን ክብደት የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። የዓለም የባሕር ገጽ ሙቀት መዝገብ ላይ በ1945 እ.ኤ.አ. ድንገተኛ መውረድ ይታያል። 0.3 ዲግሪ ያህል ነው። ሲያዩት ዓለም በአንዴ የቀዘቀዘች ይመስላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ምክንያቱ የአለካክ ለውጥ መሆኑን አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብዛኛው ልኬት የመጣው ከአሜሪካ መርከቦች ነበር። እነሱ የሚለኩት ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚገባውን ውሃ ነው፤ እሱ ትንሽ ሞቅ ይላል። ጦርነቱ ሲያልቅ የእንግሊዝ መርከቦች ልኬት በዛ። እነሱ ደግሞ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ነበር የሚለኩት። ባልዲው እስኪወጣ ድረስ ውሃው በትነት ይቀዘቅዛል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ልኬቱ የየትኛው አገር መርከብ እንደሆነ መዝገቡ ላይ ስለተጻፈ ነው። ያ አንድ መስመር ባይጻፍ ኖሮ ዛሬም ስለ 1945 ቅዝቃዜ እንከራከር ነበር።

በጎ ምሳሌም አለ። የእንግሊዙ ቻሌንጀር መርከብ ከ1872 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ዓለምን ዞሮ ቴርሞሜትር በገመድ ወደ ጥልቁ እያወረደ የባሕሩን ሙቀት ለካ። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከእነዚያ ልኬቶች ወደ 300 የሚጠጉትን ዛሬ አርጎ የሚባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ከሚለኩት ጋር አነጻጸሩ። ከገጹ እስከ 700 ሜትር ባለው ውሃ በአማካይ 0.33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት መጨመሩን አገኙ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የእጅ ጽሑፍ ለዚህ የበቃው ቁጥሩ ስለተጠበቀ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን ቴርሞሜትር በጥልቅ ውሃ ግፊት ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚሳሳት ፒተር ቴት የሚባል ሳይንቲስት መርምሮ ጽፎ ነበር። የመሣሪያው ጠባይ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ቆየ።

አሁን ወደ ሃርድ ዲስክሽ እንምጣ። ከመክፈትሽ በፊት ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪው። ሥራሽን ሁሉ በኮፒው ላይ ሥሪ። የመጀመሪያውን እንደ ቤት ካርታ ያዢው፤ ኮፒው ይዞራል፣ ኦሪጅናሉ ከቤት አይወጣም። ስትገለብጪ ደግሞ «ተገልብጧል» የሚለውን መልእክት ብቻ አትመኚ። ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም አውጪለት። ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም ቁጥር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ሻ-256 የሚባለው ዓይነት ይበቃሻል፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም አብሮ የሚመጣ ትእዛዝ አለው። ዝርዝሩን በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጪው። በየስድስት ወሩ እንደገና አስልተሽ አመሳክሪ። ዲስክ ሳይናገር ነው የሚበላሸው። ፎልደሩ ይከፈታል፣ ስሙ አለ፣ ውስጡ ግን ሄዷል።

ቀጥሎ ፋይሎቹን ለሁለት ክፈያቸው። መርከቡ በራሱ የመዘገበው አለ፣ እናንተ የሠራችሁት አለ።

መርከቡ የሚመዘግበው ጂፒኤሱን፣ የነፋስና የአየር ሙቀቱን፣ ከመርከቡ ሥር ያለውን ሶናር፣ የውሃ ፍሰት መለኪያውን፣ እየተጓዘ ከባሕሩ እየሳበ የሚለካውን ጨውነትና ሙቀት ነው። ለዚህኛው በብዙ አገር ጠባቂ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርቱአር የሚባል ፕሮግራም አለ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የምርምር መርከቦች ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ይህን ዳታ በቀጥታ ከመርከቡ ወደ ማዕከል ይልካሉ። ከዚያ በፊት ግን ብዙው ነገር በየተመራማሪው መሳቢያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እንግሊዝ በሊቨርፑል የውቅያኖስ ዳታ ማዕከል አላት። ጀርመን ፓንጌያ የሚባል የዳታ ማዕከል አላት። ስለዚህ ለመርከቡ ባለቤት ድርጅት ኢሜይል ጻፊና የጉዞው ዳታ የት እንደገባ ጠይቂ። ከዲስክሽ ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘው የሶናር ዳታ ይህ ነው። በደህና እጅ መሆኑን ካረጋገጥሽ ትልቁ ሸክም ከትከሻሽ ወረደ ማለት ነው።

እናንተ የሠራችሁት ሌላ ነው። ሲቲዲ ያወረዳችሁባቸው ጣቢያዎች፣ በጠርሙስ የቀዳችሁት ውሃ፣ የመረብ ናሙና፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተጻፈው ወረቀት። ይህ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። እናንተ ካልያዛችሁት ማንም አይይዘውም።

ሲቲዲው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ሲወርድ የሚጽፈው ጥሬ ፋይል አለ። ሲ-በርድ በሚባለው መሣሪያ ስሙ ሄክስ ብሎ ያልቃል። ሲከፍቱት ለዓይን ትርጉም የሌለው የቁጥርና የፊደል ድርድር ነው። አጠገቡ የካሊብሬሽን ቁጥሮቹን የያዘ ትንሽ ፋይል አለ፣ ኤክስኤምኤልኮን የሚል። ከሁለቱ ተሰልቶ የሚወጣው ሲኤንቪ ደግሞ ሙቀት፣ ጨውነት፣ ጥልቀት እያለ በዓምድ የተደረደረ ነው። ተማሪ የሚወደው ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «አይከፈቱም» ብሎ የሚያጠፋ ሰው አለ። እንዳታደርጊው!

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለካው ሴንሰር፣ ጨውነት የሚሰላበት ማለቴ ነው፣ በጊዜ ብዛት ከልኩ ፈቀቅ ይላል። ከጉዞው በኋላ ሴንሰሩ ወደ ፋብሪካ ተልኮ እንደገና ይለካል። ያኔ አዲስ የካሊብሬሽን ቁጥር ይመጣል። የናንተ የጠርሙስ ውሃም በጨውነት መለኪያ ማሽን ተፈትሾ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደተሳሳተ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ከጥሬው ፋይል እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ጥሬው ከሌለ ትክክሉ እየታወቀ ማስተካከል አይቻልም። ያቺን ትንሿን የካሊብሬሽን ፋይል ካጣሻት ሄክሱ ራሱ ዋጋ የለውም። ሁለቱ አንድ ላይ ይኑሩ።

የሙቀትና የጨውነት መለኪያ ደንቡንም ጻፊ። በ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም የሙቀት መስፈርት ተቀይሯል። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል በ20 ዲግሪ ላይ ያለው ልዩነት ወደ 0.005 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሻይ ምንም አይደለም፤ ለጥልቅ ባሕር ግን ትልቅ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ፍጹም ጨውነት የሚባል አዲስ ስሌት ለትንተና ይመከራል። ማህደር ውስጥ የሚቀመጠው ግን አሁንም ከኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የሚሰላው ፕራክቲካል ጨውነት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አዲሱን ተጠቀሚ፣ ስታስቀምጪ ፕራክቲካሉን አስቀምጪ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ በዓምዱ ርዕስ ላይ ጻፊ።

ሰዓት። ይህ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለየ ይመለከተናል። ባሕር ላይ ሁሉም ነገር የሚመዘገበው በዩቲሲ ነው፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። በዚያ ላይ አቆጣጠራችን በስድስት ሰዓት ይለያል። ደብተርሽ ላይ በአዲስ አበባ አቆጣጠር «ሌሊት 8 ሰዓት፣ ውሃ ተቀዳ» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ በፈረንጁ ከሌሊቱ 2፡00 ነው። በዩቲሲ ደግሞ 23፡00 ነው፣ ያውም የቀደመው ቀን! ቀኑ ተቀየረ ማለት ነው። መርከቡም ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የራሱን ሰዓት ይቀያይራል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የጻፍሽውን ሳትሰርዢ እንዳለ ተዪው፤ ከጎኑ አዲስ ዓምድ ከፍተሽ ዩቲሲውን ጻፊ። ቀኑን 2024-09-08 በሚለው ቅርጽ አድርጊው፤ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ ቀን። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የጻፍሽው ካለ አብረሽ ቀይሪው። ጳጉሜን የሚያውቅ የትንተና ፕሮግራም እምብዛም ነው።

መገኛ ቦታውም ላይ ወጥመድ አለ። ጂፒኤሱ በጥሬው 04530.5 ብሎ ሲጽፍ 45 ዲግሪ ከ30.5 ደቂቃ ማለቱ ነው። በአስርዮሽ 45.508 ይሆናል። ብዙ ሰው ቸኩሎ 45.305 ብሎ ያነበዋል። ከምድር ወገብ አካባቢ ያ ስሕተት ጣቢያሽን ወደ 23 ኪሎ ሜትር ያንሸራትተዋል። ካርታ ላይ ስታስቀምጪው ነጥቡ ባሕር ላይ ስለሚሆን ምንም ስሕተት ያለ አይመስልሽም።

ኤክሴልን ለማየት ተጠቀሚበት፣ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። ቀኑን በራሱ ፈቃድ ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ይጥላል። ለማቆየት ተራ ሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል፣ ይሻላል። ትልቅ ከሆነ ኔትሲዲኤፍ ተጠቀሚ፤ የውቅያኖስና የአየር ንብረት ሰዎች ሁሉ የሚያነቡት ነው፣ መግለጫውም ከቁጥሩ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከሁሉም ጎን «አንብቢኝ» የሚል አንድ ገጽ ጽሑፍ አኑሪ። የመርከቧ ስም፣ የጉዞው መለያ፣ የሴንሰሮቹ መለያ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ዓምድ አሃድ፣ ምን እንደተስተካከለና ማን እንዳስተካከለው። ያልሠራውንም ጻፊ። «ጣቢያ 7 ላይ አራተኛው ጠርሙስ አልተዘጋም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሌላ ሰውን የወራት ልፋት ያድናል።

ኮፒውን በተመለከተ ደንቡ የታወቀ ነው፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። አዲስ አበባ ላይ ሆነን ስንሠራ ግን የምጨምረው አለኝ። መብራት በሚገለብጡበት መሃል ሲጠፋ ዲስክ ይጎዳል፤ ዩፒኤስ ከሌለሽ በላፕቶፕ ባትሪ ገልብጪ። ርካሽ ፍላሽ ላይ አትተማመኚ። 1 ቴራ ተብለው የሚሸጡ፣ እውነተኛ አቅማቸው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ፍላሾች ገበያው ላይ አሉ። የሚገለብጡ ይመስላሉ እንጂ አይዙም። ሁለቱንም ዲስክ እዚያው ዲፓርትመንት ቁም ሣጥን ውስጥ አታድርጊ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ስንቱ ቢሮ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ እንደተነሳ አይተሻል። አንዱ አራት ኪሎ ይሁን፣ አንዱ ቤት። ሦስተኛው ክላውድ ላይ ይሁን። «2 ቴራ በዚህ ኢንተርኔት?» እንደምትዪ ይገባኛል። ሁሉንም አትጫኚ። የሲቲዲው ፋይል በሜጋባይት የሚቆጠር ነው፣ የደብተሩ ፎቶም እንደዚያው። ቦታ የሚይዘው ሶናሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ማዕከሉ ጋ ይገኛል። መተኪያ የሌለው ክፍል በአንድ ሌሊት ይጫናል።

ኮፒን በየቦታው የመበተን ሐሳብ ከአራት ኪሎ ግቢሽ ጋር ዝምድና አለው። በ1957 እና 58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲካሄድ የምድርን ልኬት ለመጠበቅ የዓለም ዳታ ማዕከላት ተቋቋሙ። አንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀመጥ ተብሎ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ሶቪየት ኅብረት፣ ሌሎቹ ምዕራብ አውሮፓና ጃፓን ሆኑ። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ሰዓት ማለት ነው። አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። የአዲስ አበባ የመግነጢስ ልኬት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዓለም መዝገብ ውስጥ አለ። ውቅያኖሱን በሚመለከት ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሥር የዳታ ልውውጥ መረብ ተመሠረተ፤ ዛሬም ይሠራል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ሌላ ሰው ይቀድመኛል ብለሽ መጨነቅሽ ተገቢ ነው፤ ልፋትሽ ነው። ግን ማስቀመጥና መልቀቅ ይለያያሉ። ማዕከሎቹ ዳታሽን ዛሬ ተቀብለው ለተወሰነ ጊዜ ሊዘጉልሽ ይችላሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በገንዘቡ ለተሠራ የውቅያኖስ ምርምር የሚሰጠው ጊዜ ዳታው ከተሰበሰበ 2 ዓመት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ዳታው ሲለቀቅ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ያገኛል፣ ስምሽም በላዩ ይሆናል። የተጠቀመበት ሰው ሁሉ አንቺን ይጠቅሳል። ስትዘገዪ የሚመጣው አደጋ እንዲያውም ይብሳል፤ ተመርቀሽ ሥራ ትይዣለሽ፣ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ብቻሽን ግን አትወስኚ። የጉዞው ዋና ሳይንቲስት መስማማት አለበት። መርከቡ ከአንድ አገር ጠረፍ 200 የባሕር ማይል ውስጥ ሠርቶ ከሆነ ደግሞ ያ አገር በተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ሰጥቷል፤ ዳታውንም የማግኘት መብት አለው። ይህን ሳታጣሪ ምንም ነገር አትልቀቂ።

ማካፈል ምን እንደሚያፈራ ግን ልንገርሽ። የጠፋውን የማሌዥያ አውሮፕላን ኤምኤች 370ን ለመፈለግ መርከቦች የደቡብ ሕንድ ውቅያኖስን ወለል በሶናር ካርታ አንስተው ነበር። አውሮፕላኑ አልተገኘም። አውስትራሊያ ግን የመጀመሪያውን ዙር ዳታ በ2017 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ለቀቀችው። ማንም በዚያ ዝርዝር አይቶት የማያውቀው የባሕር ወለል ለተመራማሪዎች ተከፈተ።

እኛንም ይነካናል። ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን ሲተነበይ የሚታየው የፓስፊክና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። የ2015 እ.ኤ.አ. ኤልኒኞ የክረምቱን ዝናብ በብዙ አካባቢ አሳጥቶ ከባድ ድርቅ አምጥቶብናል። ያ ትንበያ የሚቆመው ባሕር ላይ ሰዎች በሰበሰቡትና ባካፈሉት ልኬት ነው። ወደብ የለንም ብለን ጉዳዩን የሌሎች ማድረግ አይገባንም። የባሕር ሕጉ አንቀጽ 254 እንኳ ባሕር ለሌላቸው ጎረቤት አገሮች በምርምሩ የመሳተፍ ዕድል እንዲሰጥ ያዛል። አንቺ ያን መርከብ መሳፈርሽ እኔን ከልብ ያስደስተኛል።

የት ላስገባው ካልሽ፣ መጀመሪያ የመርከቡ አገር ማዕከል ነው። እሱ ካልሆነ ፓንጌያን ጠይቂ። ሁለቱም ካልሆኑ ዜኖዶ አለ፤ በስዊዘርላንዱ ሰርን የሚተዳደር ነው፣ በነፃ ነው፣ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል። ዜኖዶ ግን የጨውነት ልኬትሽ ትክክል መሆኑን አይፈትሽልሽም፤ የባሕር ማዕከሎቹ ይፈትሻሉ። ለዚህ ነው በመጨረሻ ያመጣሁት። መመረቂያ ጽሑፍሽ በዩኒቨርሲቲው ማህደር ሲገባ የዳታውን ዲኦአይ ውስጡ ጻፊበት።

የመርከቧን ስምና የጉዞውን መለያ ከላክሽልኝ ማንን ማናገር እንዳለብሽ ለይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ያን «አንብቢኝ» ጀምሪው። የሴንሰሮቹን መለያ ቁጥር ካላገኘሽ ካሊብሬሽን ፋይሏ ውስጥ ተጽፏል፤ በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል።